የፖስተሩ የመጨረሻ መስመር

የፖስተሩን የመጨረሻ ፊደሎች ስክሪኑ ላይ ጻፈቻቸው፣ አየቻቸው፣ መልሳ አጠፋቻቸው። ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፤ የመንገዱ ጫጫታ ሲገባባት ዘጋችው። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ናት፤ አንድ ቦታ መርጋት አቅቷታል።

ስልኳ ጠራ። አታሚው ነው። ጣቶቹ ከቀለም ተላቀው ስለማያውቁ ሰው ሁሉ «ቀለሜ» ይለዋል፤ በትምህርቱ ግን ቀለሜ ሆኖ እንደማያውቅ ራሱ እየሳቀ ይናገራል።

«እመቤት፣ ማሽኑ አፉን ከፍቶ ይጠብቅሻል። ምን ልበለው?»

«ትንሽ ታገሠኝ። አንድ መስመር ነው የቀረኝ።»

«ትናንትም አንድ መስመር ነበር እኮ! የባቡር መስመር ነው እንዴ የማያልቀው?»

«ከምሳ በፊት እልክልሃለሁ።»

«ከምሳ በኋላ የሠርግ ካርድ ይገባል። ኋላ እንዳትቀየሚኝ።»

የምትሠራው የትናንሽ ከተሞችን ፖስተር ነው። ድሮ የባቡርና የአውሮፕላን ድርጅቶች መንገደኛ ለመጥራት በየግድግዳው ይለጥፏቸው የነበሩትን ዓይነት፤ ጥቂት ደማቅ ቀለም፣ ትልቅ ፀሐይ፣ ወፋፍራም ፊደል፣ «ኑና እዩን» የሚል ጥሪ። የእሷን ከተሞች ግን ቱሪስት አያውቃቸውም። አንድ የጥርስ ሐኪም መጀመሪያ የተመደበባትን አቧራማ የመገንጠያ ከተማ አሥሎ ሕመምተኞቹ አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት ቦታ ላይ ሰቅሏታል። የተፋቱ ባልና ሚስት ደግሞ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ የተዋወቁባትን ያችኑ ከተማ አዘዋት፤ ለሁለቱም ሠራች፣ ለአንዳቸውም አልተነፈሰችም።

የአሁኗ ግን የራሷ ከተማ ናት። የተወለደችባት፣ የወተት ጥርሷ እየተነቀለ ሳለ በእናቷ እጅ ተይዛ የወጣችባት። ያዘዛት የአጎቷ ልጅ ነው። ሥራዎቿን ኢንተርኔት ላይ አይቶ ደወለላት፤ ከልጅነታቸው ወዲህ ድምፅ ለድምፅ የተገናኙት ያኔ ነው። የሚኖርበትን ቤት አድሶ የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው እንደሆነ ነገራት።

«ቤቱን መሃል ላይ አድርጊልኝ፤ አረንጓዴው በረንዳ በደንብ ይታይ» አላት። «ከሥር የማረፊያውን ስም ትጽፊልኛለሽ። ‹የአባቴ ቤት› ብዬዋለሁ።»

ያኔ ደስ ብሏት ተቀበለች። ሥዕሉም እንደ ውሃ ፈሰሰላት፤ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ፣ የውሃ ማማው፣ ከጀርባ ያለው ኮረብታ። እጇ የታሰረው ስሙ ላይ ስትደርስ ነው። የማን አባት? ቤቱን የሠራው የእሷ አባት ነው። እሱ በሞተ በዓመቱ አጎቷ «የወንድሜ ቤት ነው» ብሎ ገባበት፤ እናቷ አንድ ሻንጣና አንድ ልጅ ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቤት ቃል አልወጣትም። ልጅቷ ስትጠይቃት «ዝም አይነቅዝም» ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ልጅም ከእናቷ የተማረችውን ዝምታ ለእናቷ መልሳ፣ ትዕዛዙን ደበቀቻት።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

«ሻዩ በረዶ ሆነ እኮ! አንቺ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው የወለደሽ ወይስ እኔ?»

ልጅቷ ስክሪኑን ለመሸፈን እጇን ሰደደች፤ አልደረሰችም። እናቷ ግንባሯ ላይ የነበረውን መነጽር ወደ ዓይኗ አውርዳ ቀረበች። ለረጅም ጊዜ አየች።

«እማዬ፣ ልነግርሽ ነበር…»

«መስኮቱ ተሳስቷል።»

«ምን?»

«መስኮቱ በግራ ነው። አባትሽ ‹ፀሐይ ያስገባል፣ አልፈልግም› ሲል፣ እሱ በሌለበት አናጺ ጠርቼ እኔ ነኝ ያስከፈትኩት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ኋላ ግን ወንበሩን ከዚያው መስኮት ሥር ማን ይንቀለው!»

እናቷ ሳቀች። ስለዚያ ቤት ስትስቅ ልጅቷ አይታ አታውቅም፤ አብራ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ብላ ቸገራት።

«ለመሆኑ ማን ነው ያሠራሽ?»

«የአጎቴ ልጅ። የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍትበት ነው።»

«ያ ንፍጣሙ?» እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ስንቴ አፍንጫውን ጠርጌለታለሁ። እና ምን ብለሽ ልትጽፊበት ነው?»

ልጅቷ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ ስሙን ነገረቻት።

እናቷ ንጹሑን የአልጋ ልብስ በመዳፏ ደጋግማ አበሰችው። ሳቁ ከፊቷ ጠፍቷል።

«እሱ ምን ያድርግ፣ ያኔ ልጅ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።» ተነሳች። «መስኮቱን አስተካክዪ። ሻዩን ላሙቀው።»

ልጅቷ መስኮቱን ወደ ግራ አዛወረች፤ ቤቱ ድንገት የሚያውቃት መሰለ። ከዚያ ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። ሥራውን ልተወው? ብትተወው ሌላ ሰው ይሥለዋል፣ ስሙም አይቀርም። ልጻፈው? ስልኳን አንስታ ደወለች።

«ስለ ስሙ ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

«ምነው፣ ይረዝማል እንዴ?» አለ የአጎቷ ልጅ። ከኋላው መዶሻ ይሰማል።

«የማን አባት ማለትህ ነው?»

መዶሻው ራቀ። ወደ ውጭ ሳይወጣ አልቀረም።

«እህቴ፣ እኔ እዚህ ነው ያደግኩት። አባቴም እዚሁ ነው ያሳደገኝ። ሌላ ምን ልበለው?»

«አባትህ እዚያ መኖሩን አልካድኩም። የሠራው ግን የኔ አባት ነው። እኔና እናቴ እንዴት እንደወጣን ታውቃለህ?»

«ጭምጭምታ ሰምቻለሁ። አባቴን ስጠይቀው ይቆጣ ነበር፣ ተውኩት። አሁን ደግሞ የሚጠየቅም የለም።»

«እናቴ አለች።»



«እና ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?» አለ፤ ድምፁ ተቆጥቷል፣ ፈርቷልም። «ሰው ጠርቻለሁ፣ መክፈቻው ደርሷል።»

«አስቤ እነግርሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ጣቷ እንደገና ወደ ፊደሎቹ ሄደ። ጻፈቻቸው። ፊደሎቹ ያምራሉ፤ ከሠራቻቸው ሁሉ የሚያምሩ እነሱ ናቸው፤ ያናደዳትም እሱ ነው። ቀስ ብላ አጠፋቻቸው፤ ፋይሉን እንደዚያው ላከችው። ወዲያው ቀለሜ ደወለ።

«ከሥር ባዶ ነው። ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። እንዲሁ አትመው።»

«ስም የሌለው ማስታወቂያ? ሰው ምን ብሎ ይምጣ?»

«ስም ገና አልወጣለትም፣ ቀለሜ። ቦታውን ግን ጠብቅልኝ፤ ቀለም እንዳይነካው።»

«ይሁና» አለ። ማሽኑ ሲንኮሻኮሽ በስልኩ ተሰማት።

ከዚያ ለአጎቷ ልጅ ጻፈች፦ «ፖስተሩ ይደርስሃል። ስሙን አልጻፍኩትም። መጥተህ እናቴን አነጋግራት። ከሰማሃት በኋላ እሷ ‹የአባቴ ቤት ይባል› ካለች፣ በእጄ እጽፍልሃለሁ።»

መልእክቱን ላከችው። ስልኩ ወዲያው ነዘረ፤ አላነሳችውም። ጠረጴዛው ላይ እየነዘረ ትታው ወደ ኩሽና ሄደች፤ ማን እንደሚመጣባት እናቷ ከእሷ አፍ ቀድማ መስማት አለባት።