የክፍል ሃያ አራት ቦታ

ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ «ሽቅብ» ብለው ሰይመውታል፤ ከሰው ጋር ሲያወራ እንኳ ዓይኑ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበርና። ከሥራ መልስ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይጽፋል። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። እኔም ስቄበት አውቃለሁ፤ አሁን ነው ሳቁ የጠፋብኝ።

ታሪኩ ሃያ አራት ክፍል አለው። ጫፉ ከደመና በላይ የሆነ ግንብ ውስጥ አንድ ትልቅ ሊፍት ሦስት ትውልድ ሙሉ ሽቅብ ይጓዛል። ሰው እዚያው ይወለዳል፣ እዚያው ይዳራል፣ እዚያው ይሞታል። መሬትን የሚያስታውስ የለም፤ ላይ ምን እንዳለም የሚያውቅ የለም። ሞተሩን የምትጠብቀው ልጅ ብቻ ከአያቷ የወረሰችው የጥገና መዝገብ አላት። ወንድሜ ይህን ሁሉ የጻፈው በመሥሪያ ቤቱ ቅጾች ጀርባ ላይ ነው። ከፊት «የገመድ ሁኔታ፣ የበር ሁኔታ» የሚል ሠንጠረዥ፣ ከኋላ የሱ ዓለም።

መጀመሪያ ለአንድ መጽሔት ላከው። «ለልጆች ነው ለአዋቂ?» ብለው መለሱለት። አንድ አሳታሚ ደግሞ «ፍቅር ጨምርበት» አለው። ስምንት ወር ፈጅቶ ጨምሮበት ሲመለስ ሰውየው ጡረታ ወጥቷል። ሌላ መጽሔት ተቀበለው፤ ሁለት ክፍል አወጣና ራሱ መጽሔቱ ተዘጋ። አጎታችን በቤተሰብ ስብሰባ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ይተርትበት ነበር።

«ጋሼ፣ ላሟ ትውለድ እንጂ ወተቱ አይጠፋም» ይለዋል ወንድሜ። ተቆጥቶ አያውቅም። ቁጣውን ሁሉ እናታችን ለኔ ሰጥታኝ ነው መሰለኝ።

እኔ የሳምንታዊ ጋዜጣ ገጽ አቀናባሪ ነኝ። ጽሑፉ፣ ፎቶው፣ ማስታወቂያው በየትኛው ገጽ የት ጋ እንደሚቀመጥ የምወስነው እኔ ነኝ። እንግዲህ የሱ ጽሑፍ በየቢሮው ሲንከራተት እኔ ጋዜጣ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ለዓመታት አልጠየቀኝም። አንድ ቀን ግን ወፍራሙን ፋይል ይዞ መጣ።

«እታለም፣ እናንተ ጋስ ቢታይ?»

«ለአለቃዬ እሰጠዋለሁ» አልኩት።

አልሰጠሁም። በዝምድና አስገባችው እንዳይሉኝ ፈራሁ። እናቴ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የምትለኝ ያለ ነገር አይደለም። የማላውቀው ሰው ግጥም ይዞ ቢመጣ እስከ አለቃዬ በር ድረስ እሸኘዋለሁ፤ የወንድሜን ግን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። በመጣ ቁጥር «ምን አሉ?» ይለኛል። «እየታየ ነው» እለዋለሁ። እያደር ይኼ እንደ ሰላምታችን ሆነ። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

አለቃዬን፣ ዋና አዘጋጃችንን፣ ከኋላው «መቀስ» ነው የምንለው። የገዛ እናቱ ደብዳቤ ብትጽፍለት ሁለት አንቀጽ ሳይቆርጥ አያነበውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ማስመሪያ ፍለጋ መሳቢያዬን ከፍቶ ፋይሉን አገኘው። ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቀና ያለው የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ነው።

«የማን ነው?»

«የወንድሜ።»

«ስንት ጊዜ ተቀመጠ እዚህ?»

ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «አንቺ ስምሽ እንዳይነሳ ብለሽ፣ እሱን ቀበርሽው» አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ክፍል አንድ ወጣ። ወንድሜ ግን ጋዜጣውን የተቀበለው ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ነው፤ ሳንባው ከከዳው ሰንብቷል። መቀስ ሊጠይቀው አብሮኝ ሄደ። ወንድሜ ትራሱን ተደግፎ ለመነሳት ሞከረ፣ አቃተው፤ ተኝቶ እጁን ዘረጋለት።

«ጋሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ ታግሠው ስላነበቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

መቀስ ዞሮ አየኝ። እኔ የአልጋውን እግር አያለሁ።

«ረጅም ነው ልጄ» አለው። «ጊዜ ይፈልጋል።»

መቀስ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ለወንድሜ እውነቱን ልነግረው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ደስታውን እያየሁ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። እስከ መጨረሻው አልነገርኩትም።

ታሪኩ የሚወጣው ገጽ አሥራ አንድ ላይ ነው። ችግሩ፣ የሐዘን ማስታወቂያም የሚወጣው እዚያው ነው፤ በጋዜጣው ደንብ ቅድሚያው የማስታወቂያው ነው። «ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ልብ ወለድ ይጠብቃል» ይላል መቀስ። ስለዚህ ሟች የበዛ ሳምንት ሊፍቱ ባለበት ይቆማል። ሃያ አራት ሳምንት ይፈጃል ያልነው ዓመት ሊሞላው ተቃረበ። ወንድሜ ገጹን ገልጦ በሱ ቦታ የሙታን ፎቶ ተደርድሮ ሲያገኝ «ዛሬ ደግሞ አራት ተሳፍረዋል» ብሎ ይስቃል፤ ሳቁ ወደ ሳል ይለወጥና ነርሷ ትመጣለች።

እሱ በከሳ ቁጥር አንባቢው በረከተ። ጥበቃው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የማናውቃቸው ሰዎች ይደውላሉ። «ሊፍቱ ደረሰ?» ነው ጥያቄው። እኔም ማታ ማታ ለወንድሜ እያንዳንዱን ስልክ አወራለታለሁ፤ ፀጉር አስተካካዩን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። የመጨረሻውን ክፍል ግን ለማንም አላሳይም አለ። እየሰረዘ እየደለዘ ቆይቶ፣ ክፍል ሃያ ሦስት በወጣ ማግስት አጣጥፎ እጄ ላይ አኖረው።

«ታትሞ ላየው እፈልጋለሁ፣ እታለም። እሱን ብቻ።»

በዚያው ሳምንት የወረቀት ነገር ጠንቶ ጋዜጣችን ወደ ስምንት ገጽ እንዲወርድ ተወሰነ። የሚቀረን አንድ ባለ አሥራ ሁለት ገጽ እትም ነው። ከዚያ በኋላ ገጽ አሥራ አንድ የሚባል የለም፤ ተከታታይ ታሪክም የለም። እትሙ የሚወጣው ሐሙስ ነው። ወንድሜ ማክሰኞ ጠዋት ሞተ።

ረቡዕ ሥራ ገባሁ። ሰው ሁሉ ምን ልትሠራ መጣች ብሎ ያየኛል። ገጹ ላይ ሦስት የሐዘን ማስታወቂያ ቀድሞ ገብቷል፤ የቀረው የአንድ ነገር ቦታ ነው። ክፍል ሃያ አራትን ለክቼ አስቀመጥኩት፤ ልክክ አለ። ያን ጊዜ አጎቴ መጣ፣ ያ ተራቹ። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የወንድሜን ፎቶና በእጁ የጻፈውን ማስታወቂያ ይዟል።

«ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አብረውት የተማሩት፣ አብረውት የሠሩት፣ ሁሉም በየፊናው ነው፤ በምን ይስሙ? እናትሽ በጋዜጣ ይውጣ ብላለች» አለና አለቀሰ። አጎቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ መቀስ ዘንድ ገባሁ። ሌሎቹ ገጾች ወደ ማተሚያ ቤት ሄደዋል። መቀስ ብዕሩን አነሳ፤ ከታሪኩ ላይ ቆርጦ ለማስታወቂያው ቦታ ሊያወጣ ነው። እስከ መጨረሻው አነበበና ብዕሩን አስቀመጠ። አንዲት መስመር አልቆረጠም።

«ቢያንስ ከሥሩ፣ ደራሲው አርፏል የምትል አንዲት መስመር በጥቃቅን ፊደል ላስገባ» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩ። «ማንበብ ትተው ማዘን ይጀምራሉ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የለመነው እንዲያነቡለት ነው።»

«እናትሽስ?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

የአጎቴን ወረቀት መለስኩለት። ፎቶውን ደረት ኪሱ ከቶ፣ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

ለእናቴ ስነግራት አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ ሰው አልነበረም? እንደ ድመት ዝም ብሎ ይቀበር?» አለችኝ። ተረቱን የወደደውን ያህል ሰውም ይወድ ነበር እኮ፣ አለችኝ። እውነቷን ነው። በስልክ የደረስንላቸው ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና ሦስት ሊፍት ጠጋኞች መጡ። ከሦስቱ አንዱ ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ይዞት ነበር። እናቴ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እስከ ዛሬ በደንብ አታናግረኝም።

ስልኩ መጮህ የጀመረው ዓርብ ነው። በክፍል ሃያ አራት ሊፍቱ ይደርሳል። በሩ ግን ያረጀ ነው፤ ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ሰው ከውስጥ ቁልፉን ተጭኖ ከያዘው ብቻ ነው። ልጅቷ ትይዘዋለች። ሕዝቡ አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ ይወጣል፤ እሷ ትቀራለች። ላይ ምን እንዳለ አንባቢው አያይም፤ እሷም አላየችምና። ደዋዩ ሁሉ ደራሲውን ይፈልጋል። እኔም «ለሥራ ወጥቷል» እላለሁ። መዋሸት ለምጃለሁ።

ሰኞ ዕለት አንዲት ሴት ደወሉ።

«ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ልጄ። ባለቤቴ ዓይኑ አያይም፤ ሊፍቱን እኔ ነኝ የማነብለት። ደራሲውን አገናኚኝማ፣ ልንጣላው ነው!»

«ምን አድርጎ?»

«ልጅቷን ለምን ይተዋታል? ያን ያህል ሕዝብ ሲወጣ አንድ ቁልፉን የሚይዝላት ይጥፋ? ይኼ ባለቤቴ ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ አልቀምስ ብሎ ቤቱን አተራመሰው!»

ሳቄ መጣ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ይህችን ስልክ ብነግረው ስንት ጊዜ ያስደግመኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። «ለሥራ ወጥቷል» ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

«ሞቷል፣ እትዬ። ወንድሜ ነበር። ጋዜጣው ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የሞተው።»

ከኋላቸው የሽማግሌ ድምፅ ይሰማል፤ «እሺ ምን አለ? ለምን ተዋት? ጠይቂዋ!» ይላል።

«ታትሞ ሳያየው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ሳያየው።»

ሽማግሌው አሁንም ይጠይቃል። ሴትዮዋ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ እሱ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ብዬ ልንገረው፣ ልጄ?»

ለወንድሜ አራት ዓመት ሙሉ መልስ ያጣሁለት ቀን አልነበረም። ለሳቸው ግን ምንም አልመጣልኝም።