ቶርፊን ያልወጣው መሰላል

ቶርፊን ፍሌት ምግብ አልወርድ ካለው ሳምንት ሆኖታል። ሐኪሙ «ጨጓራ ነው» አለው። ምን ጨጓራ! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር የበላው አውሮፕላን ተጎትቶ ወጥቶ፣ ዛሬ ቅዳሜ ክንፉ ሊመረመር ነው እንጂ።

የባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን መርከብ ላይ ብዙ ቦታ እንዳይይዝ ክንፉ ይታጠፋል። ሊበር ሲል ይዘረጋና በመቀርቀሪያ ይቆለፋል። የዛሬ አርባ አራት ዓመት፣ እዚሁ የስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴት ላይ፣ የዚያን አውሮፕላን ክንፍ የቆለፈው የሥራ ባልደረባው መካኒኩ ማንሲ ነበር። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ መጋጠሚያውን አይቶና ዳስሶ መፈረም ደግሞ የቶርፊን ሥራ። ያን ጠዋት ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ መሰላሉ በረዶ ለብሷል። ማንሲን እንደሆነ ያምነዋል። መሬት ላይ ቆሞ ፈረመ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክንፉ አየር ላይ ታጠፈ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አብራሪ ከነአውሮፕላኑ ባሕር ገባ።

መርማሪዎቹ ፊት ቶርፊን «ተቆልፎ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ማለ። ምን ያድርግ፣ ፈራ! ማንሲ በዚያች ቃል ከእስር ተረፈ፤ ከሰው አፍ ግን ማን ያስጥለው? ሱቅ በገባ ቁጥር «ማንሲ፣ የቤትህን በር ቆልፈሃል?» ይሉታል። እሱ ደግሞ በየሳምንቱ ዓርብ ዓሣ ይዞ ቶርፊን ደጃፍ ከች ይላል። «አንተ ባትኖርልኝ የት እወድቅ ነበር?» ይላል። ቶርፊን ያንን ዓሣ አርባ አራት ዓመት በላ። ዛሬ መቀርቀሪያው ክፍት ሆኖ ከተገኘ፣ መሐላው የሐሰት መሆኑ፣ ያን ልጅ የገደለውም የእሱ ፊርማ መሆኑ በአደባባይ ሊወጣ ነው።

አውሮፕላኑ የሚታደስበት መጋዘን ሲደርስ፣ ማንሲ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ለብሶ ቀድሞታል።

«ምነው አመድ መሰልክ? ሙሽራው እኔ፣ የምትፈራው አንተ!»

«ብርዱ ነው።»

«ወይ ብርድ! ና ወዲህ ቁም፣ አጠገቤ።»

የእድሳቱ ኃላፊ ኢንጋ ክንፉ ላይ የተጋገረውን ደለል በብሩሽ ትፍቃለች። ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ደግሞ ታንጠባጥባለች። ቶርፊን «ቶሎ በይ» ሊላትም፣ «ተይው በቃ» ሊላትም አማረው። የዕቃ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ።

«አባባ ማንሲ፣ ይምጡ! ይምጡ!» ብላ ጮኸች ኢንጋ። «ተቆልፏል! ጥርቅም ብሎ ተቆልፏል!»

ማንሲ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቶርፊንን ከሳጥኑ ላይ አንስቶ አንገቱን አቅፎ ሳመው። «አላልኩም? አላልኩም አንተ!» ቶርፊንም ትንፋሹ መለስ አለ። ሰው መቼም ጉድ ነው፣ እዚያው ራበው። እግዜር ይመስገን፣ ውሸቱ እውነት ሆኖ ተገኘለት!

«ታዲያ ምን ጣለው?» አለ ማንሲ አፍንጫውን እየጠረገ።

ኢንጋ መብራቷን ወደ መጋጠሚያው አስጠጋች። «ይኸውልዎ። ከመቀርቀሪያው አጠገብ ያለው ብረት ተሰንጥቋል። ውስጡ የዚያን ጊዜ ቅባት ደርቆበታል፣ ያዩታል? ስንጥቁ አውሮፕላኑ ከመውደቁ በፊት የነበረ ነው። ጥፍር ያስገባል እኮ! መሰላል ላይ የወጣ ሰው አይስተውም ነበር።» ይህን ብላ ወደ ብሩሿ ተመለሰች።

የማንሲ እጅ ቶርፊን ትከሻ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አንተ ወጥተህ አይተሃል አይደል?» አለው ቀስ ብሎ።

ቶርፊን ጨለማ ነበር ሊል አሰበ። ዓይኔን ንፋሱ አስለቅሶኝ ነበር ሊልም አሰበ። አፉ እምቢ አለው።

«አልወጣሁም፣ ማንሲ። ሳላይ ነው የፈረምኩት። ለመርማሪዎቹም የዋሸሁት ለራሴ ፈርቼ ነው።»

ማንሲ እጁን አነሳ።

«እኔ እኮ መቆለፌን ራሴ ተጠራጥሬ ነበር» አለው። «ሌሊት ባንኜ እየተነሳሁ፣ ቆለፍኩ አልቆለፍኩም እያልኩ እጄን አያለሁ። ግድ የለም፣ ቶርፊን አይቷል እያልኩ ነበር መልሼ የምተኛው።»

ኢንጋ ካሜራዋን አንስታ ክንፉ ፊት ቁሙልኝ አለቻቸው። ማንሲ ብቻውን ሄዶ ቆመ።