ቆብ ውስጥ የገባ ምስማር

ኢቶ ምስማሩን በመዳፏ ጨብጣ ዕጣውን ሊያዩ ከመጡት ሴቶች ኋላ ቆመች። ባሏ በሕይወት ሳለ መሬት በዕጣ በተከፋፈለ ቁጥር የሚጥለው ይህንኑ የበቅሎ ጫማ ምስማር ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ምንጩ አጠገብ ያለውን ማሳ እሷው አርሳ እሷው ስታጭድ ኖራለች። ዘንድሮ ግን መንግሥት የታችኛውን ሜዳ ለአንድ የፍራፍሬ ኩባንያ ሰጥቶ በቀይ ችካል አሳጠረው፤ የተረፈው እንደ አዲስ ሊደለደል ነው። የጎሳው ተወካይ ባሱ፣ የባሏ ወንድም፣ ለእሷ ማሳ አልያዘላትም።

"ነገ ሌላ መንደር ታገባለች፤ መሬታችን ተከትሏት ይሂድ?" ብሎ ነበር።

የወረዳው ሹም ቃይዱ ሰዓቱን አየ። "ስማችሁን ጽፈን ከሳጥን እናውጣ ስላችሁ እንቢ አላችሁ። እሺ፣ በደንባችሁ ይሁን። ብቻ ቶሎ በሉ።"

ደንቡን የማያውቅ የለም። መሬት የሌለው ሽማግሌ ሙሃ ጀላባውን፣ ባለ ቆቡን ረጅም ካባ፣ አውልቆ ቆቡን እንደ ከረጢት ይይዛል፤ አባወራው ሁሉ እየቀረበ የራሱን ምልክት ይጥልበታል። ቆብ ውስጥ የገባ ምልክት በዕጣ ካልሆነ አይወጣም። ቆቡ ከተገለበጠ የዘንድሮው ዕጣ ቀረ ማለት ነው። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል፤ ዘሩም በየቤቱ ተዘጋጅቷል።

አንዱ የወይራ ፍሬ ጣለ፣ አንዱ የኮት ቁልፍ።

"ባሱ፣ ዛሬም ያንኑ የበግ በጠጥ ነው?" አለ አንድ ቀልደኛ።

"ምን ላድርግ፣ እናንተ የማትሰርቁት እሱን ብቻ ነው!"

ሳቁ ሳያባራ ኢቶ ወንዶቹን ሰንጥቃ ገባች። ምስማሩ ቆቡ ውስጥ ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም፤ ያላየ ግን አልነበረም።

ባሱ ክንዷን አፈፍ አደረጋት። "አንቺ! ምን አባሽ ነው የጣልሽው?"

"የወንድምህን ምስማር። ረሳኸው እንዴ?"

"አባባ ሙሃ፣ ያውጡት!"

ሙሃ የቆቡን አፍ በጡጫው አነቀው። "ያለ ዕጣ የማንም እጅ አይገባም። ያንተም።"

"እንግዲያው ዕጣውን አውጡና እንገላገል!" አለ ቃይዱ።

"ላውጣ፣ ጌታው።" ሙሃ ወደ ወንዶቹ ዞረ። "ብቻ ምልክቱ ከማሳው በአንድ በልጧል። አንዳችሁ ባዶ እጃችሁን ትገባላችሁ። ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ላውጣ?"

አምና በቅሎውን ያዋሳት ጎረቤቷ ሑሳይን ምራቁን ሲውጥ ኢቶ አየችው። ባዶ እጁን የሚገባው እሱ ሊሆን እንደሚችል ገና አሁን ታሰባት። ቢሆንም ዓይኗን ከቆቡ አልነቀለችም።

"አያውጡ" አለ ሑሳይን።

"አያውጡ!" አለ ሌላውም።

ባሱ ክንዷን ለቀቀ። ቀያዮቹን ችካሎች አተኩሮ አያቸው። "ጌታዬ፣ ችካሉ ትንሽ ወደ ታች ይውረድልን። የአንድ ማሳ ያህል።"

"እኔ ሥልጣኑ የለኝም። ከላይ የተወሰነ ነው፤ እመኑኝ።" ሰውየው የዋሸ አይመስልም ነበር፤ ግንባሩን አልቦታል።

"እንግዲህ ሥልጣን ያለው እስኪመጣ እንጠብቃለን" ብሎ ባሱ መሬት ላይ ዘርፈጥ አለ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተቀመጡ። ቃይዱ ስልኩን አውጥቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ኢቶም ወንዶቹ መሀል ቁጭ አለች።

"እንደ ሟቹ ግትር ነሽ" አላት ባሱ ፊቱን ሳያዞር።

ተነሺ ግን አላላትም።