ለሚፍታ የወጣው ደቦ

ሚፍታ እምቢ ማለት አያውቅም፤ ይህን ደግሞ የሳጉሬ ሰው ሁሉ ያውቅበታል። ሚኒባስ ውስጥ ቦታውን ለቆ ቆሞ ይሄዳል፤ ለቅሶ ቤት ሦስተኛ ጊዜ «ጨምር» ሲሉት ይጨምራል፤ ገበያ ሲወርድ ሻጩ ቅር እንዳይለው ብሎ ያላሰበውን ገመድ ተሸክሞ ይመለሳል። ሚስቱ ሩዋይዳ «አንተ እኮ ሌባ ቤትህ ቢገባ ዕቃውን ታሸክመዋለህ» ትለዋለች። ይስቃል። በአንድ ነገር ብቻ ነው ድርቅ የሚለው፤ እሱም መሬቱ ነው።

መሬቱ አባቱ ለእሱና ለታላቅ ወንድሙ ለሙንተሲር ትተውላቸው የሞቱት፣ ሄክታር የማትሞላ ቁራጭ ናት። ዙሪያዋ ስንዴ ነው፤ ዓይን እስኪደክም ስንዴ። ጎረቤቶቹ ማሳቸውን አጋጥመው በኩታ ገጠም ያርሳሉ። ትራክተሩ ከዳር እስከ ዳር ይነዳል፣ ኮምባይነሩም እንዲሁ፤ የሚፍታ ማሳ ጋ ሲደርሱ ብቻ ዞረው ያልፋሉ። ሾፌሮቹ ሲዞሩ የሚሉትን ባይሰማ ይሻለዋል።

እሱ የአባቱን ነጭ ገብስ ይዘራል፤ በገብሱ መሀል ደግሞ ማገጥ ይበትናል። ማገጥ ሦስት ቅጠል ያላት፣ ከብት የሚሞትላት ሣር ናት፤ ሥሯ አፈር ያደልባል። ዘሯን ከመንገድ ዳር በጣቱ እየለቀመ፣ በሩዋይዳ አሮጌ ሻሽ እየቋጠረ ነው ያባዛት። ፍግ ያብላላል፣ አረም በእጁ ይነቅላል፣ ከሱቅ የሚመጣ ነገር መሬቱን አያስነካም። አገሩ የአረሙንም የዋጉንም የተባዩንም ኬሚካል በጅምላ «መድኃኒት» ነው የሚለው። ሚፍታ ልጅ እግር ሳለ በቀን ሥራ ለሰው ይህንኑ መድኃኒት ሲረጭ ኖሮ አንድ ክረምት ሙሉ በነስር ከረመ። ከዚያ ወዲህ የጀርባ መርጫ ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

የመጀመሪያው ዓመት ገብሱ ከጉልበት አልዘለለም። በሁለተኛው ትንሽ ቀና አለ። በሦስተኛው አፈሩን ጫር ሲያደርገው ትል እየተልመጠመጠ ይወጣ ጀመር፤ ሩዋይዳን ከጓዳ እየጠራ ትል ያሳያት ነበር። «ሌላው ለሚስቱ ወርቅ ያሳያል» ትለዋለች፤ መጥታ ግን ታያለች።

ሦስቱ ዓመት የወንድሙ ቀጠሮ ነው። ሙንተሲር አሰላ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። መሬቱ ኩታ ገጠሙ ውስጥ እንዲገባ ሲወተውት ኖሮ በመጨረሻ «ሦስት ክረምት ልታገስህ። በሦስተኛው ያቺ መሬት ቤተሰብህን ብቻዋን ካላኖረች፣ ጨምርልኝ አትበለኝ» አለው። ሚፍታ ደግሞ በልቡ የያዘው ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሕፃናት ምግብ የሚሆን ገብስ የሚገዛ አንድ ማኅበር አለ። ሦስት ክረምት ኬሚካል ላልነካው መሬት ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀቱ ላለው ገበሬ ምርቱን በየዓመቱ በጥሩ ዋጋ ይወስድለታል። እዚያ ከተገባ ኑሮ አለ። ይህን ከሩዋይዳ በቀር ለማንም አልተነፈሰም። ሳይሆን ቢቀር መሳቂያ ይሆናል፣ ቢሆንለት ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ጥፋቱ የተጀመረው ግን አምና ሐምሌ ነው። ኦቦ ጉቱ የአባቱ ባልንጀራ ናቸው፤ ከድንበሩ ማዶ ያርሳሉ። አንድ ቀን በትራቸውን ተደግፈው ማሳውን ሲያዩ ቆዩና፣

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሣሩ እኮ ገብስህን በላው። ለምን መድኃኒት አትረጭም?» አሉት።

መልሱ አፉ ላይ ነበር። አረም አይደለም፣ እኔ ነኝ የዘራሁት፤ የሚረጩት ነገር ደግሞ መርዝ ነው። ግን ሃያ ዓመት በዚያ ነገር አርሰው ልጆች ያሳደጉ፣ አባቱን በእጃቸው አፈር ያለበሱ ሽማግሌ ፊት ቆሞ «መርዝ ነው የሚረጩት» እንዴት ይባላል? ሚፍታ አቀረቀረ።

«አልሞላልኝም፣ ኦቦ ጉቱ። ሲሞላልኝ እረጫለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ። ሚፍታም በዘዴ ተገላገልኩ ብሎ ደስ አለው። የዋህ!

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ሩዋይዳን ምጥ ያለጊዜው ያዛት። ከሳጉሬ ወደ አሰላ ሆስፒታል ተላከች፤ ቀዶ ጥገና ተባለ፣ ደም ተባለ። ሚፍታ ዘጠኝ ቀን ኮሪደር ላይ ተኛ። በአራተኛው ቀን ኦቦ ጉቱ ደወሉለት።

«አንተ ሚስትህን ብቻ አስታም። ስለ ማሳህ ሐሳብ እንዳይገባህ፣ እኛ አለን።»

«አላህ ያክብርልኝ» አለ ሚፍታ። አጥሩንና ከብቶቹን የሚያዩለት ነበር የመሰለው። ለምን ብሎ ደግሞ ይጠይቃል? ደግ ሰው «አለሁልህ» ሲል እንዴት አድርገህ ነው ያለኸው ተብሎ አይመረመርም።

ሩዋይዳ ተረፈች። ልጅቷም ተረፈች፤ አሚራ አሏት። በጳጉሜ መጀመሪያ ሁለቱን ይዞ ሲመለስ፣ ከዚህ በላይ ምን እጠይቃለሁ እያለ ነበር የመጣው። ከሚኒባሱ ወርደው ወደ ቤት ሲታጠፉ ሽታው ተቀበላቸው። ያንን ሽታ ሚፍታ የትም ቢሆን አይስተውም። ሩዋይዳም አወቀችው፤ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነቻት።

ጎረቤቱ ሁሉ ደጃቸው ላይ ቆሟል። ኦቦ ጉቱ ከፊት ናቸው። ዓይናቸው ቀልቶ አብጧል፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

«ና እስኪ እይ! ከትናንት ወዲያ ደቦ ወጣንልህ። አሥራ ሁለት መርጫ! አዋጥተን ነው የገዛነው፣ የቀረ ሰው የለም። በአንድ ቀን ጥርግ አደረግንልህ!»

ድሮ ደቦ ሲወጣ ሰው ጎንበስ ብሎ እየዘፈነ በእጁ ነበር የሚያርመው። አሁን ጎንበስ የሚል ማን አለ? ደቦውም መርጫ አዝሎ ይወጣል። ሚፍታ ይህን በዓይኑ እያየ ኖሮ አንድ ቀን በእኔም ላይ ይደርሳል ብሎ አላሰበም። በነሱ ቤት እሱ ቸግሮት፣ ችግሩን በሳቅ የሸፈነ ኩሩ ድሃ ነበር።

ገብሱ እንደቆመ ነው። ከሥሩ ያለችው ማገጥ ግን አንገቷ ተጠማዟል፣ ቅጠሏ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ጫፎቿ ነጥተዋል።

አሥራ ሁለት ሰው ፊት ፊቱን ያየዋል። ሕፃኗን ሊመርቁ እጃቸውን የዘረጉ አሉ። ሚፍታ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «ገለቶማ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ውለታችሁን አልረሳም» የሚል ነበር። ሳቀም። ገንፎ ቀረበ፣ ዱአ ተደረገ፣ እሱም ከሁሉ ጋር «አሚን» አለ። ሰዉ ሲበተን ከበረቱ ጀርባ ሄዶ ትንፋሹ እስኪያጥረው አለቀሰ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ፅዮን የምትባል ወጣት ባለሙያ ከማኅበሩ መጣች። ቦቲ ጫማዋን አድርጋ ማሳው ውስጥ ገባች፣ አንዲት ማገጥ ነቅላ አገላብጣ አየቻት።

«ይሄ ውርጭ አይደለም፣ አቶ ሚፍታ» አለች።

«አይደለም» አለ። ለማያውቃት ልጅ እውነቱ ያለ አንዳች ችግር ወጣለት። ደቦውንም፣ ሆስፒታሉንም፣ አምና ለሽማግሌው የመለሰውንም ሳያስቀር ነገራት። እሷም አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

«በጣም አዝናለሁ» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ ሳያውቁ የተደረገ ከሆነ ግን አንድ መንገድ አለ። የረጩት ሰዎች ተጠሪ፣ ባለቤቱ ሳያውቅና ሳይፈቅድ ነው የረጨነው ብለው በቀበሌ ፊት ይፈርሙ። እንደ አደጋ ይያዝልዎታል፤ የሚጨመርብዎ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ፊርማ ከሌለ ግን ሦስቱም ዓመት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ዐሥር ቀን እጠብቅዎታለሁ።» ቅጹን ሰጥታው ሄደች።

አንድ ዓመት ከሆነ ሙንተሲር እያጉረመረመም ቢሆን ይታገሳል። ሦስት ዓመት ግን ፈጽሞ አይሰማውም። እንግዲህ ያቺ መሬት በኦቦ ጉቱ ጣት ላይ ቀረች። ሚፍታ ሰባት ቀን ሲያመነታ ሰነበተ። በስምንተኛው ቀን ሩዋይዳ ቅጹን ራሷ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

«ሂድ። ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል። ብቻ በአላህ፣ እንደ ልማድህ እንዳታደርገኝ።»

መንገዱን ሁሉ ሲለማመድ ሄደ። ክፉ አይደለም የምለው፣ በደሉኝ አልልም፣ አንዲት ፊርማ ብቻ። የኦቦ ጉቱ ባለቤት ዙቤዳ ከደጅ ተቀበለችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ተኝተዋል፣ ግባ» አለችው። ሽማግሌው መደቡ ላይ ተጋድመዋል፤ ዓይናቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ ተደርጓል።

«ማነው?»

«ሚፍታ ነኝ፣ ኦቦ ጉቱ። ምን ሆኑብኝ?»

«ነፋስ መታኝ መሰለኝ። ከደቦው ማግስት ጀምሮ አልለቀቀኝም።»

«ምን ነፋስ ነው» አለች ዙቤዳ። «ወጣቶቹ ረፋድ ላይ ተበተኑ። የቀረውን እስከ ማታ ብቻቸውን እየሞሉ ብቻቸውን ጨረሱት። ተዉ ብላቸው አልሰማ አሉኝ።»

«ዝም በይ፣ ለሱ ምን ይነገራል» ብለው ተቆጧት። ከዚያ እጃቸውን በአየር ላይ ዘረጉ፤ ሚፍታ ሄዶ ያዘው። «አባትህ ሊሞት ሲል አደራ ብሎኛል፣ ልጄ። አንተ አምና አልሞላልኝም ስትለኝ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ አታውቅም። የባልንጀራዬ ልጅ ማሳው ሲጠፋበት ቆሜ አየሁ እያልኩ። አሁን ቀለለኝ። ዓይኔ እንኳ ቢጠፋ አይቆጨኝም።»

ሚፍታ ሌላውን እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ቅጹን ነካው። መናገር ያለበት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው መሬቱን ያድናል፣ ሁለተኛው የእኚህን ሰው ዓይን። ሁለቱም የሚጀምሩት «ያ የረጩት ነገር» ከሚል ቃል ነው። ቅጹን ለቀቀው።

«አሰላ ሐኪም ጋ ልውሰድዎ» አለ።

«ለነፋስ? ተወኝ እባክህ። ይልቅ ዛሬ ምን እግር ጣለህ?»

«ላመሰግንዎ ነው» አለ ሚፍታ። «በደንብ አላመሰገንኩዎትም ነበር።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። እጁን አጥብቀው ያዙት፣ ለረጅም ጊዜም አልለቀቁትም።

ሩዋይዳ አሚራን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። «ነገርካቸው?» አለችው ገና ከሩቅ። ቀና ብሎ አላያትም። ቀርባ ኪሱ ውስጥ እጇን ከተተችና ቅጹን አወጣችው፤ እንደታጠፈ ነው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ቅጹን መልሳ ኪሱ ከተተችለትና ወደ ውስጥ ገባች። ዐሥረኛው ቀን አለፈ።

ገብሱ ኅዳር ላይ ታጭዶ ሳጉሬ ገበያ ከሌላው ገብስ ጋር በሌላው ገብስ ዋጋ ተሸጠ። ሙንተሲር መጥቶ «እንግዲህ ቃል ቃል ነው» አለው፤ ሚፍታም «ልክ ነህ» አለ። ጎረቤቶቹም አዝነውለት «ያ በፍግ ማረስህ አላዋጣም፣ አይደል?» ይሉት ነበር። አላዋጣም ይላቸዋል። ሌላ ቢል ማን እንዳጠፋው ሊነግራቸው ነው።

በሰኔ ትራክተሩ መጣ። የሚፍታ ማሳ ጋ ሲደርስ አልዞረም፤ ቀጥ ብሎ አለፈ። ሾፌሩ ደስ ብሎት ክላክሱን ነፋለት።

ሐምሌ ላይ ኦቦ ጉቱ በዙቤዳ ትከሻ ተደግፈው ድንበሩ ድረስ መጡ። ግራ ዓይናቸው ነጭ ሆኗል፣ ቀኙም ከጥላ በቀር አያይም። የራሳቸውን መርጫ አስይዘዋታል።

«እኔ እንግዲህ አልሠራበትም» አሉ። «ለአንተ ነው። ዘንድሮ ከሰው እኩል ሆንክልኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ዙር እስኪ።»

ሚፍታ ጀርባውን ሰጣቸው። ሽማግሌው በዳበሳ አሸከሙት፣ ማሰሪያውን እየጎተቱ ደረቱ ላይ ቆለፉለት። ሽታው ወደ አፍንጫው ወጣ፤ ትንፋሹ አጠረው። ከማዶ ሩዋይዳ ልጇን አዝላ ታየዋለች።

«ጠበቀብህ እንዴ?» አሉት ኦቦ ጉቱ።

«ኧረ አልጠበቀብኝም» አለ ሚፍታ። «ልኬ ነው።»