አንዱን ዓይን መሸፈን

እኔ ንዴቴን የምደብቅ ሰው አይደለሁም። ታናሽ እህቴ ግን ዝምተኛ ናት፤ ለሷም ጭምር የምናደደው እኔ ነኝ። ሁለታችንም ልብስ ሰፊዎች ነን፤ አንድ ሱቅ፣ ሁለት የስፌት መኪና።

ባለፈው ዓመት ከግራ ዓይኗ ጀርባ ያማት ጀመር። «እትዬ፣ ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል» አለችኝ። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ወሰድኳት። የዓይን መርማሪው ቀኑን ሙሉ «ቀጣይ!» እያለ ስለሚጮህ መጠሪያው ራሱ ቀጣይ ሆኖ ቀርቷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ አስነበባት፤ እስከ መጨረሻው ረድፍ ወረደችው። «ሁለቱም ዓይን ደህና» ብሎ ካርዷ ላይ ጻፈ። ሕመሙ ሲመለስ እኛም ተመለስን፤ ያው ሰሌዳ፣ ያው ጽሑፍ። በሦስተኛው ጭራሽ ሳቀባት። «አንቺ ልጅ፣ ባል አግቢ፤ ይተውሻል» አላት። ጉድ እኮ ነው! ከመቼ ወዲህ ነው ባል የዓይን መድኃኒት የሆነው?

እውነቱን ያወጣው መርፌ ነው። ልብስ ሰፊ ክር ሲያስገባ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እህቴ ሁልጊዜ የምትጨፍነው ግራዋን ነው። አንድ ቀን ቀኟ ውስጥ ብናኝ ገባባትና ቀኟን ጨፍና ክሩን አነሳች። ወዲያው ጮኸች።

«እትዬ፣ መርፌው የለም! እጄም የለም!»

ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ጭንቅላቷን በማሽን ፎቶ አነሷት። የሆስፒታሉ ስፔሻሊስት ምስሉን እያሳየች አስረዳችን፤ የግራ ዓይኗ ነርቭ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ተወሳስበው ተቋጥረዋል። ብዙ ሐኪም በዕድሜው አንዴ እንኳ የማያየው በሽታ ነው አለች። «ባመማት ቁጥር እየደማ ነበር።»

ሦስት ጊዜ ደማ ማለት ነው። ሦስቱንም ጊዜ እኛ ቀጣይ ፊት ተቀምጠን ነበር!

ወደ ቀኙ ሳይሻገር ቋጠሮው በቀዶ ጥገና ወጣላት። ቀኙ ተረፈ፤ ግራው እንደጨለመ ቀረ። «በመጀመሪያው ብትመጡ ኖሮ...» ብላ ስፔሻሊስቷ ንግግሯን ተወችው።

ደሜ ፈላ። ካርዱንና እህቴን ይዤ ክሊኒኩ ሄድኩ፤ ስፔሻሊስቷ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት።

«ብርቅ በሽታ ነው አሉ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ቀጣይ።

«ስለ በሽታው ማን ጠየቀህ? አንድ ዓይኗን ሸፍነህ አስነብበሃታል ወይ?»

«ወረፋው ረጅም ነበር እኮ፣ እህቴ።»

«መዳፍ ለማንሳት ስንት ሰዓት ይፈጃል አንተ ሰውዬ?»

ላብ ላብ አለው። «እሺ፣ አሁን ላስነብባት» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እህቴ ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም ሳያዛት ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች።

«በይ አንብቢ» አላት።

«ሰሌዳው በየት በኩል ነው?» አለች።

ዞር ስል፣ ወረፋው ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ቀኝ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሰሌዳውን ያያሉ። ከዚያ ግራቸውን ሸፈኑ። አጠገባቸው ያለችው ሴት አየቻቸውና እሷም እጇን አነሳች፤ ከዚያም ቀጥላ ያለችው።