አበባ ያልሸተተው ባሕር

«ባሕሩ ተነፈሰ፣ አበባ አበባ ሸተተኝ፤
የረጠበ ገመድ ሲያቃስት፣ ሰው የጠራኝ መሰለኝ።»

የመንደሩ መምህር ኦዶን ግጥሙን ጓሮ ቆሞ ይለማመዳል። ኢስታንግ ይህን ግጥም በሰማች ቁጥር፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ይከነክናታል። ግጥሙ የታላቅ ወንድሟ፣ «ማኖይ» ብላ የምትጠራው የሴቨሪኖ ይባል እንጂ፣ ገመዱም ጥሪውም የእሷ ነው። ባሏ ሲምዮ ባሕር ላይ ጠፍቶ የቀረ ጊዜ፣ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ለወንድሟ የነገረችው ነው። ከዚያ ወዲህ በዓሣ አጥማጆቹ መንደር ለቅሶ በተቀመጡ ቁጥር ሴቨሪኖ ተነሥቶ ይለዋል፤ ሰው ያለቅሳል፤ ለእሱ የኮኮናት አረቄ ይቀዳለታል።

አሁን ራሱ ሞተ። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን፣ የሙት ጸሎቱ ማብቂያ ነው፤ ግጥሙንም በእሱ ፈንታ መምህሩ ይለዋል።

«አልቅሺ እንጂ!» አለች ጎረቤቷ ቢዲያ ዝንጅብል እየወቀጠች። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዓይንሽ እንደ ቋንጣ ዓሣ! ሰው ምን ይላል?»

«ቋንጣውን ስትበዪ ደረቀ አላልሽም። ውቀጪ ዝም ብለሽ።»

ወንድሟን በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ጠይቃው ነበር። «ማኖይ፣ አበባውን ከየት አመጣኸው?»

«የሸተተሽን ብናገር ማን ያለቅሳል? ግጥም እኮ ነው» ብሎ ሳቀ።

ወር ሙሉ አላናገረችውም። ሚስት አልነበረውምና ሩዙን ግን በቢዲያ እጅ ትልክለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጸሎቱ አበቃ። መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። «ባሕሩ ተነፈሰ፣ አበባ አበባ...»

«ተው!» አለች ኢስታንግ ብድግ ብላ።

«ምነው ማናይ፣ ተሳሳትኩ?» አለ መምህሩ፣ እንደ ታላቅ እህት እየጠራት።

«አንተ አይደለህም፣ እሱ ነው። አበባ የሚባል ነገር አልነበረም።»

«እሷ ደግሞ ሟች ታርማለች!» አለ አንዱ ከበሩ በኩል። ሰዉ ሳቀ።

«ላምባ ነው የሸተተኝ» አለች። «ባሕሩ፣ ጸጉሬ፣ የጎረስኩት ሩዝ እንኳ ላምባ ላምባ ይል ነበር። ሲምዮ ብርሃን አይቶ ይመለስ ይሆናል ብሎ፣ ሦስት ሌሊት እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ኩራዝ የያዘልኝ ማን ሆነና? እሱ ራሱ አይደል!»

እሷም ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት፤ ሴቨሪኖ ላምባውን ሲያወጣ፣ ከግጥሙ ያወጣው ራሱን ነበር።

«ከዚያስ ማናይ?» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ።

ኢስታንግ እጇን አነሣች፤ ነፋስ እንዳያጠፋበት ኩራዝ እንደሚከልል ሰው፣ መዳፏን አጉብጣ ባዶውን አየር ከለለች።