ሲሞቅ ያልጠፋው ጉብታ

አጎቴ ሳንድዊቹን ጨርሶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰና በመለኪያ ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጠረጋቸው። ደብተሩን ወደ ራሴ ሳብኩት። የላብራቶሪው ኃላፊ እሱ ነው፤ የዶክትሬት አማካሪዬም እሱ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገኝም እሱ ነው። የምኖረው ቤቱ ነው።

«የጽሑፋችንን ግራፍ አሳምሬዋለሁ፤ እስቲ እይው» አለኝ።

አየሁት። ማቀዝቀዣ ማሽኑ መሞቅ የጀመረበት ላይ ሲደርስ ቆርጦታል።

የኔ ሥራ መላጥ ነው። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ሴሚኮንዳክተር በፕላስተር እየላጥኩ፣ ከፀጉር በሺህ እጥፍ የሳሳ ቅጠል ሳገኝ ሲቀዘቅዝ ብቻ ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት ከሚያሳልፍ ሱፐርኮንዳክተር ጋር አጣብቄ፣ ሽቦ አስሬ ማቀዝቀዣው ውስጥ እከተዋለሁ። በዚያ ብርድ ኤሌክትሮኖቹ ተባብረው ማንም በእርግጠኝነት ያላየውን ሁኔታ ይፈጥራሉ ብለን እንጠብቃለን። ምልክቱ ቮልቴጁ ዜሮ ሲሆን ግራፉ ላይ የሚወጣ ጉብታ ነው። ሃያ ሦስት ናሙና ሠርቼ ጉብታው በአንዱ ብቻ ወጣ።

ያን ቀን አጎቴ ጮቤ ረገጠ። እኔም ከደስታዬ ብዛት መቅጃውን ሳላጠፋ ሄድኩ። ልማዳችን ማሽኑ መሞቅ ሲጀምር መቅዳት ማቆም ነው፤ የሞቀ ናሙና ምን ይረባል? በማግስቱ ግን ሌሊቱን ሲሞቅ የተቀዳው መዝገብ ጠበቀኝ። ሱፐርኮንዳክተሩ ባሕርዩን ባጣበት ሙቀት እንኳ፣ እውነተኛ ቢሆን መጥፋት የነበረበት ጉብታ ንቅንቅ አላለም። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አየሁት። ሽቦው ሥር የፕላስተሩ ሙጫ እንደ ንፍጥ ተዝለግልጓል። ምናልባት አጎቴ መዝገቡን አይቶ ራሱ ያስተካክለዋል እያልኩ ሳምንት ሙሉ አፌን ይዤ ቆየሁ። ራሴንም ተጸየፍኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ጉብታ እኮ ከሙጫው የመጣ ነው» አልኩት ከግራፉ ቀና ብዬ።

«ሲሞቅ ቅጂ ያለሽ ማን ነው?» አለ ጥርሱን በጥፍሩ እየጎረጎረ። «ያን ፋይል አጥፊው።»

«እንግዲያው ስሜን ከጽሑፉ አውጣልኝ።»

ሳቀ። ጥርሱ መሃል የዳቦ ፍርፋሪ ይታየኛል። «ጠዋት ለመጽሔቱ ልኬዋለሁ። ባንቺም ስም ፈርሜያለሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ቤት ወረቀትሽ ላይ የምፈርመው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

እውነቱን ነው፤ እሱ ነበር የሚፈርመው። ያ ፊርማ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አስጠላኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና የመጽሔቱን አዘጋጅ አድራሻ ጻፍኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሙሉውን መዝገብ እየላክሁ።»

ጥርሱን መጎርጎሩን አቆመ። «ዶክትሬትሽስ?»

ላክሁት። አጎቴ እጁን ዘረጋ። የላብራቶሪውን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ጣቶቹ አሁንም በቅባት ያብረቀርቃሉ።

«ይሄን አይደለም» አለኝ። «የቤቱን።»